የቀብር አውቶቡስ ያደረሳት ተፈታኝ

ሰፈራችን ውስጥ «አቻምየለሽ የቀብር አውቶቡስ ጠልፋ ልጅ ፈተና አደረሰች» የሚል ወሬ ይዞራል። ገላን ኮንዶሚኒየም ወሬ በደረጃ አይወጣም፣ በመስኮት ነው የሚገባው። እኔ ግን አልጠለፍኩም! ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ የሴቶች እድር ዳኛ ነኝ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ላይ ቆሜ አንድም ቀን በሐሰት «አሞኛል» ብዬ አልቀረሁም። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና እኔው ከሥሩ ልንገራችሁ። ከዚያ በኋላ የምትሉትን በሉ።

ልጅቷ ዮዲ ትባላለች። በር ለበር የምንኖር የጎረቤቴ የፀሐይቱ ልጅ ናት። አባቷ ሦስተኛ ክፍል ሳለች ነው ያረፈው። ፀሐይቱ አቃቂ ፓስታ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ እየሠራች ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ዮዲ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጽሑፍ ካየች አታልፍም። የሕንፃው ኮሚቴ የውኃ ተራ ማስታወቂያ ሲለጥፍ በቀይ እስክሪብቶ አርማ ከሥሩ ውጤት ጽፋበት ታውቃለች፤ ከአሥር አራት ሰጠቻቸው። ሊቀመንበሩ ተቆጥቶ እኔ ዘንድ መጣ። እኔ ማስታወቂያውን አንብቤ «አራትም በዝቶላችኋል» አልኩት።

ዩኒቨርሲቲ የገባች ጊዜ የመጀመሪያ ምርጫዋ ሥነ ጽሑፍ ነበር፤ እሱው ደረሳት፣ ስድስት ኪሎ። እሷ ስትዘል እናቷ ለቅሶ ተቀመጠች። «ልብ ወለድ ማንበብ በዲግሪ ይሰጣል እንዴ? እኔ ካርቶን ሳሽግ የኖርኩት ልጄ ግጥም እንድትገጥም ነው?» አለች። ሦስት ቀን ተኮራረፉ። በአራተኛው ቀን እኔ መሃል ገባሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው! ዳኛ አይደለሁ፣ ፈረድኩ፦ ዮዲ ሥነ ጽሑፉን በመደበኛው ትማር፤ ጎን ለጎን ደግሞ ቅዳሜና እሑድ እዚህ ቃሊቲ ካለ ኮሌጅ ኮምፒውተር ሳይንስ ትማር። ፀሐይቱ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለች። ዮዲ ግን «እወጣለሁ» አለች። እኔም የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ቃል አምኜ፣ «ትወጣለች!» ብዬ ጠረጴዛ መታሁ።

ወጣች ማለት ቀላል ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያቺ ልጅ ቅዳሜ የሚባል ቀን አታውቅም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ለአውቶቡስ ሰልፍ ትይዛለች፤ ከገላን ስድስት ኪሎ ድረስ ቆማ ታነባለች። አንዲት ቦርሳ ነበረቻት፤ በአንዱ ኪስ የግጥም መጽሐፍ፣ በሌላው ፍላሽና የኮምፒውተር ደብተር፣ መሃል ላይ ቆሎ። አንዴ ስለ አንድ ግጥም ጻፊ ብትባል ቀስትና ሳጥን እየሣለች እንደ ኮምፒውተር ትእዛዝ አድርጋ አቀረበችው። አስተማሪው ሙሉ ማርክ ሰጥቷት «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊ፣ ጥሩ ስለሆነ አስደንግጦኛል» አላት። የኮምፒውተሩ አስተማሪ በበኩሉ «ወረቀትሽ ላይ ታሪክ በዛ» ይላታል። ሁለቱም ጋ ግማሽ እንግዳ ሆና ነው የከረመችው፣ ምስኪን።

የመመረቂያ ጥናቷን የሠራችው በማን ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በእኛ! በእድራችን ሴቶች ሙሾ ላይ። አንድ ዓመት ሙሉ በየለቅሶው እየተከተለች ቀዳችን። መጀመሪያ ተሳቀን፤ ሰው ስልክ ደቅኖበት እንዴት ያለቅሳል? በኋላ ለመድን፤ እንዲያውም አንዳንዷ ስልኩ ሲበራ ድምጿን ትጠራርጋለች። ለኮምፒውተሩ ትምህርት ደግሞ የእድሩን ስም ጥሪ በስልክ አደረገችልን። ማን ቀብር እንደቀረ አሁን ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ እንደ ድሮ «ነበርኩ፣ ከኋላ ነበርኩ» ብሎ ነገር የለም። ከዚህ ሌላ ሰው ሲሞት ቤተ ክርስቲያን የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የምትጽፍልን እሷ ሆነች። የድሮው ጸሐፊያችን ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነበር የሚጽፈው፦ ተወለዱ፣ ሠሩ፣ ሰው አክባሪ ነበሩ፣ አረፉ። ዮዲ ስትጽፈው ግን ሟቹን ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የዘንድሮው ግን ሰኔ ላይ ነው የመጣው። የሁለቱም ዲግሪ የመውጫ ፈተና በአንድ ቀን ሆነ። ረቡዕ! የሥነ ጽሑፉ ጠዋት ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ስድስት ኪሎ፤ የኮምፒውተሩ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እዚህ ቃሊቲ። የቃሊቲው በር ሰባት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ ንጉሥ ቢመጣ አይገባም። ያለዚያ ፈተና ዲግሪ የለም። ያመለጠው የሚቀጥለውን ዙር ስንት ወር መጠበቅ አለበት። ዮዲ ደግሞ ከሐምሌ ጀምሮ ኮምፒውተር ላይ የሚያሠራት መሥሪያ ቤት አግኝታ ነበር፤ ሁለቱንም ዲግሪ አይቶ ነው የወደዳት፣ ማለፏን ካላመጣች ግን ቦታውን ለሌላ ይሰጣሉ።

ፀሐይቱ ፕሮግራሙን ባየች ጊዜ «በቃ፣ ጠዋቱን ተዪው» አለች። «ቤትሽ ቁጭ ብለሽ አጥኚና የኮምፒውተሩን ተፈተኚ። ያ ግጥም እንደሆነ የትም አይሄድም።»

ዮዲ ድምጿን ከፍ አታደርግም፤ እናቷን የሚያናድዳትም እሱ ነው። «እማ፣ አራት ዓመት ሁለቱንም ተሸክሜ መጥቼ በር ላይ አንዱን አልጥልም» አለቻት።

«የኮምፒውተሩ ቢያመልጥሽስ?»

«ቢያመልጠኝ አንቺ ያልሽው ልክ ነበር ማለት ነው። ዕድሜ ልኬን ትነግሪኛለሽ፣ እኔም እሰማለሁ።»

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነበር። ዝም ብሎ ፈተና አይደለም። ካመለጣት ሥነ ጽሑፍ በላት ይባላል፣ አለቀ። ሥነ ጽሑፉን ከተወች ደግሞ እሷው ራሷን አትምርም፤ አውቃታለሁ።

ማክሰኞ ንጋት ላይ ጋሽ በዛብህ አረፉ። ጋሽ በዛብህ የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ባቡር ነጂ። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሰዓታቸውን በቀን ሁለቴ የሚያስተካክሉ ሰው። ሚስታቸው ዳሲቱ የኔ የልብ ጓደኛ ናት። ቀብሩ ረቡዕ ጠዋት፣ ወላጆቻቸው ባረፉበት ፈረንሳይ ሰፈር ባለ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ተወሰነ። እኔ ድንኳኑን ሳስተክል፣ ወንበር ሳስቆጥር፣ ወጥ ሠሪ ስመድብ ራሴ ዞሮ ነበር። ዳሲቱ እጄን ይዛ «አቻሜ፣ የበዛብህን ታሪክ ዮዲ ትጻፍልኝ» አለችኝ። እኔ ደንቆሮዋ ደወልኩላት። ነገ ፈተና እንዳለባት ረሳሁት! እውነቴን ነው፣ ረሳሁት። እሷም «ፈተና አለብኝ» አላለችም። «እሺ፣ እትዬ፤ መጣሁ» አለችና ደብተር ይዛ መጣች።

ሦስት ሰዓት ከዳሲቱ ጋር ተቀመጠች። የት ተወለዱ፣ ስንት ዓመት አገለገሉ አላለቻትም፤ እሱን ከወረቀት ገልብጣለች። «ጋሽ በዛብህ ከሥራ ሲመለሱ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። ዳሲቱ ከጠዋት ጀምሮ ‹ዮዲ ትጻፍልኝ› ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም ነበር፤ እዚህ ላይ አፏ ተፈታ። «ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እያለ በሩን ያንኳኳ ነበር» አለች። «አርባ አንድ ዓመት። ለምን ስለው ‹የሚከፍትልኝ ሰው እንዳለ ማወቅ ደስ ይለኛል› ይለኝ ነበር።» ዮዲ ጻፈችው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ፀሐይቱ ከሥራ ስትመለስ ይህን ሰማች። ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። «አንቺ ሴትዮ፣ ለፈተና አንድ ቀን የቀራትን ልጅ ለቅሶ ቤት ትጠሪያታለሽ? መጀመሪያ ‹ሁለቱንም ትማር› ብለሽ የፈረድሽው አንቺ፤ አሁንም ያስተጓጎልሽው አንቺ! ነገ ብታመልጥ ዓይንሽን አላይም!» አለችኝ። እኔ ለማንም መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም። «ነገ ከስድስት ኪሎ እኔ ራሴ አመጣታለሁ» አልኩ። ቃል ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው በምን አመጣታለሁ ብዬ ማሰብ የጀመርኩት።

መልሱ ግን እዚያው ነበር። ቀብሩ ፈረንሳይ ነው፤ አውቶቡሳችን ሲመለስ በስድስት ኪሎ ያልፋል። ስድስት ሰዓት ላይ ብናነሳት ከመዝጊያው በፊት አንድ ሰዓት ተኩል አለን። ሹፌሩን ታጁን ጠራሁት። ታጁ የስልጤ ልጅ ነው፤ አውቶቡሱ የራሱ ነው፤ ስንት ዓመት እድራችንን ቀብር ሲያመላልስ የኛን ሙታን ከኛ በላይ ያውቃል። «ማዘር፣ አታስቢ፤ ሰባት ሰዓት ላይ ቃሊቲ ነን፣ ኢንሻ አላህ» አለኝ። ዳሲቱን ግን አልጠየቅኳትም። ባሏን የምትቀብርን ሴት «መንገድ ላይ ቆም ብለን ተፈታኝ እንጫን» ብሎ መጠየቅ እንዴት ይቻላል? አፈርኩ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ በዛብህን ቀበርናቸው። ታሪካቸው ሲነበብ፣ በሩን የማንኳኳቱ ነገር ላይ ሲደረስ ሰው ሁሉ «እህህ» አለ፤ ቄሱም ጭምር። ከዚያ ዝናቡ ወረደ፣ የሰኔ ዝናብ፣ እንደ ባልዲ። አውቶቡስ ውስጥ ገባን። ዳሲቱ የባሏን ፎቶ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከታጁ ጀርባ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰዓቴን አየሁ፤ ለስድስት አሥር ጉዳይ። ጎሮሮዬን ጠራረግኩ። ከመናገሬ በፊት ዳሲቱ ራሷ «ታጁ፣ ልጅቷን ሳናነሳ እንዳትሄድ» አለች። ለካ ታጁ ነግሯት ኖሯል! «አፈርሽ እንዴ፣ አቻሜ?» አለችኝ። «የኔን ባል ታሪክ እየጻፈች ነው ያላጠናችው።»

ዮዲ ስድስት ኪሎ በር ላይ እንደ ረጠበች ጫጩት ቆማ አገኘናት። እኛ ብንዘገይ ብላ የጠራችው መኪና ሁለቴ ሰርዞባታል። ስትገባ ፊቷ ያበራል፤ «እትዬ፣ ጠዋቱ አለፈ፤ ጥሩ ነው የሠራሁት» አለች። ዳሲቱን ስታይ ግን ደንግጣ ራሷን አጎነበሰች፤ ዳሲቱ እጇን ስባ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

እስከ መስቀል አደባባይ ደህና ሄድን። ጎተራ ስንደርስ አለቀልን። መንገዱ ተቆፍሯል፣ ዝናቡ ጉድጓዱን ሞልቶታል፣ አንድ ከባድ መኪና መሃል ላይ ተበላሽቶ ቆሟል። መኪናው ሁሉ እንደ ሰርዲን። ስድስት ከአርባ፣ ስድስት ከሃምሳ፣ ሰባት ሰዓት። ሃያ ሜትር አልተንቀሳቀስንም። ዮዲ መጀመሪያ ጥፍሯን በላች፣ ከዚያ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። «እማ ልክ ነበረች» ትላለች፤ «እማ ልክ ነበረች።» እኔ ደግሞ ስጨነቅ ዝም ማለት አልችልም። መቀመጫውን እየመታሁ ከአፌ ወጣ፦

«አንዱን ጠዋት አልፋ፣ አንዱን ከሰዓት ይዛ፣
ጎተራ ላይ ቀረች ልጄ ቆማ ፈዛ።»

አውቶቡስ ሙሉ ሴት ደረቱን መታ። ልማድ ነው፤ ግጥም ከተጀመረ እጅ በራሱ ይነሳል። «ወይኔ! ወይኔ!» አሉ። ከዚያ ዳሲቱ ፎቶውን ቀና አድርጋ ተቀበለችኝ፦

«ባቡሩን በሰዓት ሲያደርስ የነበረ፣
ተነስና እየው፣ መንገዱ ታጠረ።»

በቃ፣ ያን ጊዜ እውነተኛው ለቅሶ መጣ። ለዮዲም ለበዛብህም ለየራሳችንም አንድ ላይ አለቀስነው። ዘወር ብዬ ሳይ ዮዲ እንባዋ እየወረደ ደብተር አውጥታ ትጽፋለች። «አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» ብላት «እትዬ፣ ይሄ እኮ ጥናቴ ውስጥ የለም፤ እንዳይጠፋ» አለችኝ። ጠዋት የተፈተነችው ትምህርት አልለቀቃትም!

በመሃሉ የታጁ መስኮት ተንኳኳ። ሞተር ሳይክል የያዘ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ የዝናብ ልብስ ለብሶ ውኃ ይንጠባጠባል። ውስጥ አየ። ጥቁር የለበሱ ሴቶች፣ የሟች ፎቶ፣ ከመስታወቱ ላይ ታጁ ሳይፈታው የቀረው ጥቁር ሪባን፣ የምታነባ ወጣት። ቆቡን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለ። «ተከተሉኝ።»

ታጁ አፉን ሊከፍት ሲል «ዝም ብለህ ንዳ!» አልኩት። ይሄ ውሸት ነው? አንድ ቃል አልዋሸሁም። አልተጠየቅኩም፣ አልመለስኩም። ለንስሐ አባቴ ግን ነግሬያለሁ፤ ሃያ ስግደት አዘውኛል፤ ጉልበቴ ነው የከፈለው።

ያ ፖሊስ እንዴት ያለ ሰው ነው! ፊሽካውን እየነፋ ፊት ፊታችን ሄደ፣ መኪናውን ሁሉ ግራና ቀኝ ከፈለው። ሚኒባሱም፣ የቤት መኪናውም፣ ገልባጩም ጥግ ያዘልን። ሰው ሲሞት አገራችን መንገድ ይለቃል፤ ለቆመ ሰው ነው እንጂ የማይለቀው። ሰባት ከአሥር ሳይሞላ ሳሪስ ደረስን። እኔ «ተመስገን! ተመስገን!» እላለሁ። ድንገት የፖሊሱ ሞተር ከዋናው መንገድ ወጥቶ ታጠፈ።

«ማዘር» አለ ታጁ፣ «ወደ አቦ ቤተ ክርስቲያን እየወሰደን ነው።»

«ምን?»

«ሊቀብረን ነው!»

እውነቱን ነው። በዚያ ሰዓት ጥቁር ለብሶ የሚያለቅስ አውቶቡስ ወደ ቀብር እንጂ ከቀብር ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? ወደ ኋላ እንዳንመለስ መንገዱ ጠባብ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ፖሊሱ ሰውን አስቀድሞ ገለል አድርጎታል። ጥበቃው ትልቁን በር ወለል አድርጎ ከፈተ። ጥላ የያዙ ሰዎች ቆመው ቆብ አወለቁ፤ የማናውቃቸው ሁለት ሴትዮዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጭራሽ ለኛ ማልቀስ ጀመሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወረድኩ። ከዚህ በላይ ዝም ማለት ኃጢአት ነው። «ልጄ» አልኩት፣ «እግዜር ያክብርህ፤ ግን እኛ ጠዋት ቀብረን እየተመለስን ነው።»

ፖሊሱ አየኝ። አውቶቡሱን አየ። «ታዲያ ያ ሁሉ ለቅሶ?»

ዮዲ የፈተና መግቢያ ወረቀቷን ይዛ ከኋላዬ ወረደች። «የኔ ጥፋት ነው፣ ጋሼ። የመውጫ ፈተና አለብኝ፤ ቃሊቲ፤ ሰባት ተኩል ላይ በሩ ይዘጋል።»

ፊቱ ጠቆረ። መንጃ ፈቃድ ሊጠይቅ ነው ብዬ ታጁን አየሁት፤ ታጁ ሰማይ ሰማይ ያያል። ያኔ ዳሲቱ በመስኮት ብቅ አለች፤ ፎቶውን እንደያዘች። «የኔ ልጅ፣ ለቅሶውስ እውነት ነው» አለችው። «ባሌ ነው፤ ዛሬ ነው የቀበርኩት። ይቺ ልጅ ትላንት ስታጠና መዋል ሲገባት ታሪኩን ስትጽፍልኝ ዋለች። ክሰሱም ቅጡም፤ በኋላ እኔ እቀጣለሁ። አሁን እሷን አድርስልኝ።»

ፖሊሱ ሰዓቱን አየ። ሰባት ከአሥራ ሦስት ነበር። ከዚያ ዮዲን «የምን ትምህርት?» አላት።

«የአሁኑ ኮምፒውተር ሳይንስ። የጠዋቱ ሥነ ጽሑፍ ነበር።»

«በአንድ ቀን ሁለት?» ራሱን ነቀነቀ። «እኔ በማታ ተምሬ አምና አንዱን ተፈትኜ በሁለት ነጥብ ወድቄያለሁ።» ቆቡን አጠለቀ። «ማዘር፣ ግቢ! አውቶቡሱን አዙሩ! ደግሞ እባካችሁ ሙሾውን አቁሙ፤ እኔንም ረበሻችሁኝ።»

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዞርን። ያለቀሱልን ሴትዮዎች ምን እንዳሉን አልነግራችሁም፤ ልክ ናቸው። ፊሽካው እንደገና ተነፋ። ሰባት ከሃያ አራት ላይ ቃሊቲ የፈተናው ጣቢያ በር ላይ ደረስን። ዮዲ አውቶቡሱ በደንብ ሳይቆም ዘለለች። ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ፤ ተመልሳ አልወሰደችውም፤ በአንድ እግር ጫማ ገባች። ሰባት ተኩል ላይ በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ሰማሁ፤ ያን ያህል ያስደሰተኝ የተዘጋ በር በሕይወቴ አላየሁም።

ታጁ ዳሲቱንና ሴቶቹን ወደ ድንኳኑ ወሰዳቸው። እኔ እዚያው በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጥቁሬን እንደለበስኩ፣ ጭቃ የጠገበ ጫማ ታቅፌ። ጥበቃው ሦስት ጊዜ መጥቶ «እናቴ፣ ማን ሞቶብዎት ነው?» አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ፀሐይቱ ከፋብሪካ በሥራ ልብሷ ሮጣ መጣች። ጫማውን አየች። ገብታለች ማለት መሆኑ ገባት። አጠገቤ ተቀመጠች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሁለታችን እንደተጣሉ ባልና ሚስት ዝም ብለን ተቀመጥን። ዮዲ ስትወጣ «አለቀ» ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ መንገድ ላይ ሁለት ሳንቡሳ ገዝተንላት ሁለቱንም ሳታኝክ ዋጠቻቸው።

ውጤቱ የወጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ጋሽ በዛብህ ያረፉበት አሥራ ሁለተኛ ቀን ነበር። የዳሲቱ ቤት በሰው ሞልቷል። ዳሲቱ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ፀሐይቱ ጓዳ ዕቃ ታጥባለች፤ እኔን አሁንም አታናግረኝም። ዮዲ ውኃ ልታድል መጥታ ጆሮዬ ሥር አጎንብሳ «እትዬ፣ ወጥቷል» አለችኝ። ጀጉን ተቀበልኳት። በስልኳ የሥነ ጽሑፉን ከፈተች፤ አልፋለች፤ ሰማንያ አንድ! የኮምፒውተሩ ግን አልከፈት አለ። ይዞራል፣ ይዞራል። የሰፈራችንን ኔትወርክ የሠራው ሰው ከፊቴ ቢቆም ኖሮ! ዮዲ ዓይኗን ጨፍና ስልኩን ሰጠችኝ። ቆይቶ ተከፈተ። ስልሳ ስምንት። አልፋለች። ልጮህ ስል ነጠላዬን ነከስኩ፤ ለቅሶ ቤት ነው።

ዮዲ ጓዳ ገባች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ የፀሐይቱን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። «ሁለቱንም?» አለች። ደግማ «ሁለቱንም?»

ከዚያ ፀሐይቱ እጇ ሳሙና እንደሆነ ወደ ሳሎን ወጣች። ዙሪያዋን አየች፣ ቦታ ስታጣ ዳሲቱ አጠገብ ፍራሹ ላይ ዘጭ ብላ ተቀምጣ እየተንሰቀሰቀች አለቀሰች። የአራት ዓመቱ ነው መሰለኝ፤ የዘጠኝ ዓመቷ ዮዲ ያለ አባት ከቀረች ጀምሮ የተጠራቀመውም ሳይሆን አይቀርም። ልክ በዚያ ጊዜ ሁለት ከኮዬ ፈጬ የመጡ ለቀስተኞች ገቡ። ዳሲቱን አያውቋትም፤ የባሏ የሥራ ባልደረባ ልጆች ናቸው። ፍራሽ ላይ የምታለቅስ ሴት ሲያዩ ቀጥ ብለው ፀሐይቱ ፊት ተንበርክከው «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ምን ይደረግ፣ የማይቀር ነው» አሏት። ፀሐይቱም «አሜን፣ አሜን» እያለች ታለቅሳለች።

ዳሲቱ አየቻት፤ ወደኔ ዞረች። «ምን ሆና ነው?»

«ዮዲ አልፋለች» አልኳት። «ሁለቱንም።»

ዳሲቱ አንድ እጇን ፀሐይቱ ትከሻ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በጥቁር ልብሷ፣ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሃል እልል አለች። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ሐዘን ቤት እልልታ ነውር ነው፤ የእድሩ ዳኛ እኔ ነኝ፤ ተነስቼ «ዳሲቱ፣ ተይ» ማለት ነበረብኝ። ተነሳሁ፤ እልልታውን ተቀበልኳት።